ላነከሰ በሬ ዕረፍት ስለ መስጠት

ከወረታ ከተማ ወደ ጣና ባሕር የሚወርደው የፎገራ ሜዳ፥ ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፥ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፥ በበጋም ጥቁር አፈሩ የሚሰነጠቅ ለም አገር መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ አገር ገበሬ ሩዙንና ጤፉን፥ ሽምብራውንና ጓያውን የሚያገኘው በአፈሩ ልምላሜና በበሬው ጕልበት ነው፤ እህሉም ከማሳ ወደ ጎተራ፥ ከጎተራም ወደ ገበያ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በአህያ ጀርባ ተጭኖ ነው። ስለዚህ በእርሻ ወራት አንድ በሬ ያነከሰ እንደ ሆነ፥ ከበሬው ጋር ቤቱ ሁሉ አብሮ ያነክሳል።

እንዲህ ያለ ችግር በደረሰ ጊዜ ባለቤቱ አስቀድሞ የሚፈልገው መድኀኒት ነው። ቅጠል የሚያውቀውን ሰው ይጠይቃል፤ ወጌሻ ያስጠራል፤ የሚቻለውም ከብቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ይነዳል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ላነከሰ ከብት ከመድኀኒቱ ሁሉ የሚበልጠው፥ በብዙም ቤት የሚጐድለው ዕረፍት ነው። በሦስተኛው ቀን እንደ ገና ቀንበር የተጫነበት በሬ መድኀኒቱ ቢደጋገምለትም አይድንም፤ በቂ ቀን የተሰጠው ግን ብዙ ጊዜ በጥቂት ርዳታ ይድናል። ይህንንም ዕረፍት አንድ በሬ ብቻ ያለው ድኻ ገበሬ ለብቻው ሊሰጥ አይችልም። እንግዲህ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የጎረቤትና የማኅበር፥ የካህናትና የሹማምንት ጕዳይ ሆኖ ይገኛል።

የፎገራ ከብት በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የከብት ዘሮች አንዱ ነው። ብዙውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት፥ ላሟ ወተተኛ፥ በሬው ለእርሻ ብርቱ፥ ረግረጉንና ዝንቡን የለመደ ነው። በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ይህን ዘር ሲጠብቅና ሲያጠና ኖሯል። ዳሩ ግን በ1970ዎቹ ዓመታት የሩዝ እርሻ በፎገራ ከተጀመረ ወዲህ፥ ሩዙ እየሰፋ በሄደ ቍጥር ግጦሹ እየታረሰ ጠበበ፤ በቀረውም ግጦሽ ላይ አሜኬላ የሚባለው እሾኻም አረም በረታበት፤ በጣናም ዳር ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ተስፋፋ። ግጦሹ ሲጠብ የከብቱ ቍጥርና የዘሩ ጥራት አብሮ ጐደለ። ከብቱ እንዲህ ባነሰበት ዘመን ሊድን የሚችለውን በሬ በችኰላ ማጣት፥ ቀድሞ ሜዳው በከብት ተሞልቶ ሳለ ከሚሆነው ጕዳት ይልቅ እጅግ የከፋ ነው።

በዚህ አገር ከብትን የሚያነክሰው ነገር ብዙ ነው። ጭቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቆመ ሰኮና ይለሰልሳል፤ ለስልሶም ጠጠርና እሾኽ ይገባበታል፤ በሁለቱ ሰኮናዎች መካከል ያለውም ቆዳ ቈስሎ ይሸታል። ሰኮናው ሳይከረከም የረዘመ እንደ ሆነ እግሩ አካሄዱን ያጣምማል፤ የአካሄዱም መጣመም ጅማቱን ይጐዳል። እንዲሁም በሬ በሚያንሸራትት ማሳ ላይ ሲያርስ ወለምታ ይይዘዋል፤ ቀንበሩ ያልተስተካከለ ሲሆን ጫንቃው ይቈስላል፤ አህያም ያለ በቂ ድብዳብ ስትጫን ገጣባ ትሆናለች።

ስለዚህ ከሕክምና አስቀድሞ ምክንያቱን መለየት ያስፈልጋል። የሸተተውን ሰኮና ወለምታ ነው ብሎ ሲያሹት መዋል ከብቱን ማሠቃየት ነው፤ ሰኮናው ታጥቦ፥ የረዘመው ተከርክሞ፥ ከብቱም ደረቅ ቦታ ላይ ቆሞ መሰንበት ይገባዋል። በጓያ ምክንያት የመጣ ሽባነትም አለ። በፎገራና በደምብያ ጓያ አብዝቶ በመብላት ብዙ ሰው እግሩን እንዳጣ በሐኪሞች የተጻፈ ነው፤ ፈረስም ጓያ ሲበዛበት በኋላ እግሩ ይደክማል። ይህን ሽባነት ወጌሻ በእጁ፥ ሐኪምም በመርፌው አይመልሰውም፤ የሚረዳው መኖውን አስቀድሞ ማወቅ ነው። ደግሞም ረግረግ የሚግጥ ከብት የጉበት ትል ይይዘዋል፤ አልቅትም ደሙን ይመጠዋል። እንዲህ ያለው ከብት የሚደክመውና የሚንገዳገደው እግሩ ታሞ ሳይሆን ደሙ አንሶ ነውና፥ መድኀኒቱ የትሉ መድኀኒት ነው።

እዚህ ላይ የአገር ቅጠል እንደማይናቅ ማስታወስ ይገባል። የጉበት ትል የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ አልፎ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው እንዶድን መረመሩ፤ ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ጋር በደከሙበት በዚህ ሥራ በ1982 ዓ.ም. በውጭ አገር ታላቅ ሽልማት ተሸለሙ። እናቶች ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት የእንዶድ ፍሬ በሊቃውንት እጅ ተመርምሮ ለዓለም የተረፈው፥ ማንም ሳይንቀው፥ ማንም ሳይመረምርም ስላላመነው ነው።

የወጌሻም ሥራ በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባል። ወጌሻ ከአባቱ የተማረ፥ በመጽሐፍ ሳይሆን በጣቱ የሚያነብ ሰው ነው። እብጠቱን ዳስሶ የወለቀውን ከተሰበረው ይለያል፤ የወለቀውን ይመልሳል፤ የተሰበረውን በሸምበቆና በጨርቅ ደግፎ ያስራል፤ የተኰማተረውን ጡንቻ በቅቤ ያሻል። የዛሬውም ትምህርት ይህን አይቃወምም። በእጅ መታሸት ደሙ እንዲዘዋወርና የደረቀው ጡንቻ እንዲለሰልስ ይረዳል፤ ቅቤውም እጁ ቆዳውን ሳይልጥ እንዲንሸራተት ያደርጋል። በንጹሕ ቍስል ላይ ማር መቀባትም የሚመግለውን ተሕዋስያን እንደሚያዳክም ተመርምሮ የተረጋገጠ ስለ ሆነ፥ በሠለጠነው ዓለም ያሉ ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ ለዚህ የተጣራ ማር ይጠቀማሉ።

ነገር ግን ከልማዱ ውስጥ የሚጐዳውን ሳይናገሩ ማለፍ ከብቱንም ባለቤቱንም መበደል ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው መተኰስ ነው። ማጭድ ወይም ሌላ ብረት በእሳት ቀልቶ ባበጠው ጕልበት ወይም በትከሻው ላይ ይጋደማል። ከብቱም አንዳንድ ጊዜ ከዚህ በኋላ ይድናልና፥ ያዳነው ብረቱ ነው ይባላል። አስተውሎ የሚመረምር ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። የተተኰሰ በሬ በቃጠሎው ሥቃይ ምክንያት ለብዙ ቀን ቀንበር ሊሸከም አይችልም፤ ባለቤቱም ሳይወድ ያሳርፈዋል። እንግዲህ ያዳነው ዕረፍቱ ሆኖ ሳለ፥ ምስጋናውን የወሰደው እሳቱ ነው።

ይህ ስሕተት የፎገራ ሰው ብቻ ስሕተት አልነበረም። በአውሮፓም ሐኪሞች ራሳቸው የፈረስን እግር በጋለ ብረት ሲተኵሱ ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። በእንግሊዝ አገር በሊቃውንት ተመርምሮ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1983 የታተመው ጥናት፥ መተኰስ የተጐዳውን ጅማት ፈጽሞ እንደማይረዳ ገለጠ፤ ከዚያም በኋላ የሙያው አለቆች ነቀፉት። በኢትዮጵያ ደግሞ መተኰስ ሌላ ጕዳት አለው፤ ጠባሳው የቆዳውን ዋጋ ያወርዳል።

ሁለተኛው ጕዳት አጥብቆ ማሰር ነው። ስብራት የሚታሰረው ከስብራቱ በላይና በታች ያሉት መገጣጠሚያዎች እንዳይንቀሳቀሱ ሆኖ፥ ነገር ግን ደም እንዳይቆም ተደርጎ ነው። ከማሰሪያው በታች ያለው እግር የቀዘቀዘ፥ ያበጠ ወይም የሸተተ እንደ ሆነ ማሰሪያው ሳይውል ሳያድር መላላት አለበት፤ አለዚያ እግሩ በሕይወት ሳለ ይበሰብሳል። ሦስተኛውም ደም ማፍሰስ ነው። አልቅትና ትል ደሙን የጨረሱበትን ከብት እንደ ገና ማድማት፥ ከድኻ ኪስ የመጨረሻዋን ሳንቲም መውሰድ ነው።

እንግዲህ የሚሻለው መንገድ የትኛው ነው ቢባል፥ መንገዱ አስቸጋሪ አይደለም። ወለምታ የያዘው በሬ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀኖች ፈጽሞ ይረፍ፤ በተጐዳውም ቦታ ላይ በቀን ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ይፍሰስበት። ትኵሳቱና እብጠቱ ሲበርድ ሙቅ ውሃ በጨርቅ ይደረግለት፤ በለዘበ እጅም ይታሽ። ከዚያ በኋላ በደረቅና በለሰለሰ መሬት ላይ ጧትና ማታ ጥቂት ጥቂት ይራመድ፤ ርምጃውም በየቀኑ ይጨመርለት። የሚያነክሰው ከጨመረ ወደ ኋላ ይመለስ። ሳያነክስ መሄድ ሲችል ባዶ ቀንበር፥ ቀጥሎም ቀላል ሥራ፥ በመጨረሻ እርሻ ይሰጠው። የጡንቻ ጕዳት በሳምንታት ሊድን ይችላል፤ የአጥንት ስብራትና የጅማት ጕዳት ግን ወራት የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወድቃ መነሣት ላቃታት ላምም ሕክምናዋ በአብዛኛው የሰው ትጋት ነው። ከባድ ሰውነቷ በአንድ ጐን ሲጫን ከበታች ያለው ጡንቻ ደም አጥቶ ይሞታል፤ ስለዚህ ሌሊትም ቢሆን በየጥቂቱ ሰዓት ከአንዱ ጐን ወደ ሌላው መገልበጥ፥ ከበታቿም ወፍራም ጕዝጓዝ ማድረግ ያስፈልጋል። በፎገራ የሩዝ ገለባ ሞልቶ ሳለ ላም በባዶ መሬት ላይ ተኝታ መሞቷ የሚያሳዝን ነው።

በባዕድ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። በአውሮፓና በአሜሪካ ለቤት ውሻና ለድመት ሳይቀር የተለየ ገንዳ ተሠርቶ፥ የታመመው እንስሳ ውሃው ክብደቱን እየተሸከመለት እንዲራመድ ይደረጋል፤ ፈረሶችም ይዋኛሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2010 በአሜሪካ የተጐዳ እንስሳን ወደ ሥራው የመመለስ ጥበብ ከእንስሳት ሕክምና ክፍሎች እንደ አንዱ ሆኖ ታወቀ። መርፌ በመውጋት ሕመም የማስታገሥ የቻይና ጥበብም ለእንስሳት ይደረጋል፤ ስለ ጥቅሙ ግን ሊቃውንት ገና አልተስማሙም። ከዚህ ሁሉ የፎገራ ሰው ሊወስደው የሚገባው ገንዳውንና ዕቃውን ሳይሆን ምክንያቱን ነው። ርብና ጉማራ በበጋ እየጠሩ በሚወርዱበት ቦታ፥ ድንጋይና ማጥ በሌለበት ማቋረጫ፥ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ በዝግታ የሚመራ በሬ ከዚሁ ጥቅም ድርሻውን ያገኛል። በቆመ ረግረግ ውስጥ ግን አይደረግም፤ በዚያ አልቅትና ቀንድ አውጣ አለና።

ተስፋ የሌለውንም በግልጥ መናገር ይገባል። የጭኑ አጥንት የተሰበረ ትልቅ በሬ የሚድነው ከስንት አንዴ ነው፤ ቍስሉ አጥንቱን ያሳየ ስብራትም እንዲሁ። እንዲህ ያለውን ከብት ለወራት ማሠቃየት ርኅራኄ አይደለም። ሐኪሙ አይቶ አይድንም ካለ፥ ከብቱ ሳይከሳና መርፌ ሳይወጋ በጊዜ ማረድ ለከብቱም ለባለቤቱም ይሻላል። መድኀኒት የተወጋ ከሆነ ግን ሥጋውም ወተቱም ሐኪሙ የወሰነው ቀን ሳይፈጸም ሊበላ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሕክምና ቀን ይፈልጋል፤ ቀኑን ማን ይሰጣል? በሬው በሐምሌ ቢያነክስ ዝናቡ አይጠብቅም። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች በመቀናጆ በሚያርሱበት አገር፥ የአንዱ በሬ ሲያነክስ የሁለተኛውም ሰው እርሻ ይቆማል፤ መቀናጆውም ስለ ራሱ ማሳ እየተጨነቀ በሬው ቶሎ እንዲጠመድ ይወተውታል። ባለቤቱ የበሬውን ሕመም የማያይ ጨካኝ ስለ ሆነ አይደለም የሚያጠምደው፤ ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሰው መገሠጽ ብቻ ምንም አይጠቅምም።

ካህናት እንደሚያውቁት፥ በኦሪት የተሰጠው የሰንበት ትእዛዝ ዕረፍትን ለሰው ብቻ አልወሰነም፤ በሬንና አህያንም በስም ጠርቶ ከባለቤታቸው ጋር አሳርፏቸዋል። ከጭነት በታች የወደቀችን አህያ አይቶ ማለፍንም ሕጉ ከልክሏል፤ ያውም የጠላት አህያ ብትሆን። ጌታም በወንጌል በሰንበት ቀን ከጕድጓድ የወደቀ በሬ ወዲያው እንደሚወጣ ለፈሪሳውያን ምሳሌ አድርጎ ተናገረ። በኢትዮጵያ ደግሞ በ1442 ዓ.ም. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ የተደረገው ጉባኤ ቅዳሜም ከእሑድ ጋር እንዲከበር ወስኗል፤ የገበሬውም በሬ በዚህ ምክንያት በየሳምንቱ ሁለት ቀን ሲያርፍ ኖሯል። ይህ ለጤነኛ በሬ ታላቅ በረከት ነው። ላነከሰው ግን አይበቃም፤ በሁለት ቀን የተጀመረውን መዳን አምስቱ የቀንበር ቀኖች ያፈርሱታልና። አህያም በብዙ ቦታ የቅዳሜ ገበያ ስላለ፥ በሬ በሚያርፍበት ቀን ገጣባዋ እንደ ተገለጠ ትጫናለች። ንስሓ ልጆቻቸውን የሚመክሩ ካህናት ከበዓል አከባበር ምክር ጋር የአህያዋን ጀርባ ቢያስታውሱ፥ ከትምህርታቸው ውጭ የሆነ ነገር አልተናገሩም።

ጎረቤትም በእጁ ያለውን ይስጥ። ወንፈልና ደቦ ያለበት አገር አዲስ ሕግ ከሩቅ መፈለግ አያሻውም። በዕድርና በሰንበቴ የተሰበሰቡ ሰዎች፥ የአባላቸው በሬ ባነከሰ ጊዜ እያንዳንዳቸው በየተራ አንድ ቀን በጥንድ በሬያቸው ሊያርሱለት ቢስማሙ፥ ለአንዱ አንድ ቀን የሆነው ለሕመምተኛው በሬ ሙሉ የዕረፍት ወር ይሆናል። በሬው ያነከሰበትም ሰው ውለታውን በጕልበቱ ይከፍላል፤ የሩዝ ማሳ አረም ብዙ እጅ የሚፈልግ መሆኑን የፎገራ ሰው ያውቃልና። በሬን በሰው ጕልበት መለወጥ በገበሬው ዘንድ የቆየ ልማድ ነው፤ የሚጨመረው ነገር፥ ችግረኛው እየዞረ ሳይለምን አስቀድሞ የተወሰነ ሥርዓት መሆኑ ብቻ ነው።

ሹማምንትም የሚሠሩት አለ። አንደኛው፥ የእንስሳት ሐኪም መድኀኒት ብቻ ሰጥቶ እንዳይመልስ፥ የዕረፍቱን ቀን ቈጥሮ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥ ማዘዝ ነው። ይህ ወረቀት በዕድሩ ፊት ሲነበብ የጎረቤቱን ርዳታ ያስከትላል፤ የመቀናጆውንም ውትወታ ያቆማል። ሁለተኛው፥ በወረታ የግብርና ኮሌጅ አለ፤ በጎንደርም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች ይሠለጥናሉ። ወጌሾች በበጋ ወራት ለጥቂት ቀን ተጠርተው፥ የሚያውቁትን ቢያሳዩ፥ የማያውቁትንም ቢማሩ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ወጌሻውን ማስፈራራት ግን በድብቅ እንዲተኵስ ከማድረግ በቀር ፍሬ አይኖረውም። ሦስተኛው፥ ሰኮና መከርከምና ቀንበር ማስተካከል ከእርሻ ምክር ጋር አብሮ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ከብት እግር ይህን ያህል ማሰብ ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚሆነው የክፉ ቀን ታሪክ ነው። በ1880 ዓ.ም. በምጥዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ የኢትዮጵያን በሬዎች ፈጅቶ፥ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየውን ረኃብ ካመጡት ምክንያቶች ዋነኛው ሆነ፤ ዐፄ ምኒልክም ሕዝቡን ለማበረታታት ራሳቸው በዶማ እንደ ቈፈሩ ይተረካል። ያ በሽታ ሊቃውንትና መንግሥታት ተባብረው ከደከሙ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ታወጀ። በሬ ያለቀበት አገር ሰውም እንደሚያልቅ ያን ጊዜ ታይቷል። በሽታውን ለማጥፋት የዓለም ሁሉ ኅብረት አስፈልጎ ነበር፤ ያነከሰን በሬ ለማዳን ግን የአንድ አጥቢያ ኅብረት ይበቃል።

ስለዚህ በፎገራም ሆነ በሌላው አገር ያሉ ካህናትና ሹማምንት፥ የሚመጣው የእርሻ ወራት ሳይደርስ ይህን ነገር በየአጥቢያውና በየቀበሌው እንዲመክሩበት ያስፈልጋል። ወጌሻ እጁን፥ ሐኪም ዕውቀቱን፥ ጎረቤት ጥንድ በሬውን፥ ካህን ምክሩን ቢያዋጡ፥ ብረቱ በእሳት ላይ መጋሉ ይቀራል፤ በሬውም በቀኑ ይነሣል፤ የድኻውም ማሳ ሳይታረስ አይቀርም።